ሶኬቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ የሚነዝረው ቧንቧ

የጠያቂዋ ደብዳቤ ባጭሩ ይህን ይላል፦ «ቤታችን ከቱሉ ዲምቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ከተሠራ ስድስት ዓመት ሆኖታል። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አንድም ሶኬት የለም። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝተን ከኮሪደር በዲቫይደር፣ ገመዱን በበሩ ሥር አሳልፈን እንጠቀማለን። አንድ ኤሌክትሪሺያን ከሻወር ማሞቂያው መስመር ቀጥዬ በግማሽ ቀን ሶኬት አወጣላችኋለሁ፣ ብሬከር ስላለው አያሰጋም አለን። ባለቤቴ ደግሞ ከመስታወቱ አጠገብ ቢሆን ለፀጉር ማድረቂያም ያገለግላል ይላል። ክፍሉ ርዝመቱ 2.40 ሜትር፣ ወርዱ 1.70 ሜትር ነው። ሻወሩ ከበሩ ትይዩ ግድግዳ ላይ ነው፣ የእጅ መታጠቢያውና መስታወቱ መሀል ላይ ናቸው። ኧርዝ ግቢው ውስጥ ተቀብሯል ይባላል፣ የት እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። አንድ ነገር ልጨምር፤ ማሞቂያው ሲበራ የሻወሩን ቧንቧ ስነካ አንዳንዴ ትንሽ ይነዝረኛል። ከሶኬቱ ጋር ይያያዛል ወይ?»

ይያያዛል። እንዲያውም ከጥያቄው ሁሉ ዋናው መጨረሻ ላይ «ልጨምር» ብለው ያስገቡት ነው። ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ሄደው የማሞቂያውን ብሬከር ያውርዱት። የትኛው እንደሆነ ካላወቁ አንድ በአንድ እያወረዱ ይለዩት። ማሞቂያውን በራሱ ማጥፊያ ማጥፋት አይበቃም። ማጥፊያው ፌዙን (ኮረንቲ የሚያመጣውን ሽቦ) ትቶ ኒውትራሉን (የሚመልሰውን) የሚቆርጥበት ቤት ብዙ ነው። ያኔ ማሞቂያው ጠፋ ቢባልም ፌዙ ውስጡ እንዳለ ነው። ባለሙያ እስኪያየው ድረስ ውኃ ምድጃ ላይ አሙቃችሁ ታጠቡ።

«ትንሽ ነው የሚነዝረኝ» የሚለውን በየቤቱ እሰማለሁ። ሰው ለምዶታል። ትንሽ ያደረገው ግን ቧንቧው አይደለም፣ የነኩት ሰው አቋቋም ነው። ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ወለሉ ብዙም ሳይረጥብ፣ በጣት ጫፍ ነክተውት ይሆናል። ያንኑ ቧንቧ አንድ ልጅ በባዶ እግሩ፣ ሳሙና ባለበት ውኃ ላይ ቆሞ በሙሉ መዳፉ ቢይዘው ነገሩ ሌላ ነው። ደረቅ ቆዳ ኮረንቲን ይገታል። ቆዳው ሲርስ ግን የሰውነት ተቃውሞ ወደ 1,000 ኦም አካባቢ ሊወርድ ይችላል። 220 ቮልትን ለ1,000 ሲያካፍሉት 220 ሚሊ አምፔር ይመጣል። 10 ሚሊ አምፔር አካባቢ ሲደርስ ጡንቻ ይጨመደድና እጅ የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል። ከዚያ ከፍ ያለው ደረት ውስጥ ካለፈ ትንፋሽ ይይዛል፣ የልብንም ምት ያዛባል።

ኮረንቲው ከየት መጣ? ማሞቂያው ውስጥ ያለው የሚግለው ሽቦ ልባሱ ተሰንጥቆ ይሆናል። ወይም ደግሞ ማሞቂያው ውኃው ራቁቱን ሽቦ እየነካ የሚያልፍበት ርካሹ ዓይነት ይሆናል። በሁለቱም መንገድ ኮረንቲው በውኃው በኩል ቧንቧው ጋ ይደርሳል። ደህና ቤት ከሆነ ኧርዙ ይቀበለውና መሬት ውስጥ ይከተዋል። እርስዎ ቤት ግን የሚቀበለው የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው መሬት የነካ ሰው መንገድ ይሆንለታል። እንዲህ ባለ ቤት ላይ ሶኬት መጨመር ማለት ሌላ ብረት የለበሰ ማሽን እዚያው እርጥብ ወለል ላይ ማቆም ነው።

አሁን ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ንግግር ልምጣ። «ብሬከር ስላለው አያሰጋም» ያለው ስህተት ነው። ብሬከር ሽቦውን እንዳይቃጠል ይጠብቃል እንጂ ሰውን አይጠብቅም። 20 አምፔር የሚል ብሬከር የሚወርደው ከዚያ በላይ ሲጫንበት ነው፣ ወይም ፌዝና ኒውትራል ሲነካኩ። በሰው ሰውነት ውስጥ ያለፈ 0.22 አምፔር ለእሱ አንድ ባለ 50 ዋት አምፖል እንደበራ ነው። ቆሞ ያያል።

ሰውን የሚጠብቀው አርሲዲ የሚባለው ነው። ሱቅ ውስጥ ኧርዝ ሊኬጅ ብለው የሚጠሩትም አሉ። መልኩ ብሬከር ይመስላል፣ ከፊቱ ግን «ቲ» የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ያለበት ትንሽ መሞከሪያ ቁልፍ አለው። ሥራው በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ማወዳደር ነው። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ የጎደለው በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው በኩል፣ አምልጧል ማለት ነው። ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ከ0.3 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። ሰው በርግጥ ይደነግጣል፣ ያመዋልም። በሕይወት የመውጣት ዕድሉ ግን ሰፊ ነው።

መርካቶም ሆነ ሰፈር ሲገዙ ጽሑፉን ራስዎ ያንብቡ። 30 ሚሊ አምፔር ወይም 0.03 አምፔር የሚል ይሁን። 0.1 እና 0.3 አምፔር የሚሉትም መልካቸው አንድ ዓይነት ነው፤ እነሱ ግን የእሳት አደጋ ለመቀነስ እንጂ ሰው ለማዳን አይደሉም። ሻጩም ልዩነቱን ላያውቀው ይችላል። 25 ወይም 40 የሚለው ትልቁ ቁጥር ደግሞ ዕቃው የሚሸከመውን ጭነት ይነግርዎታል፣ ከዚህ ጋር አይምታታብዎ። የዘመኑ ማጠቢያ ማሽን ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ስላለው «ዓይነት ኤ» የሚባለውን ይጠይቁ። አርሲዲ ብቻውን ከመጠን ያለፈ ጭነት አይቆርጥም፤ ስለዚህ ብሬከሩ አብሮት ይቀራል። ሁለቱን በአንድ ዕቃ የያዘም ይገኛል። የብሬከር ሳጥኑ ጠባብ ከሆነ እሱ ይመረጣል።

አርሲዲ ተገጥሞላቸው ከወር በኋላ ያስነቀሉ ሰዎች አሉ። «ዝም ብሎ ይወርዳል፣ አይረባም» ይላሉ። ዝም ብሎ አይወርድም። ወይ ያን ራቁት ሽቦ ያለው ማሞቂያ እያየ ነው፣ ማለትም ሥራውን እየሠራ ነው። ወይ ደግሞ የመታጠቢያ ቤቱ ኒውትራል ከሳሎኑ ወይም ከኩሽናው ኒውትራል ጋር የሆነ ቦታ ላይ ተቀላቅሏል። መስመር ሲዘረጋ ለሽቦ ቁጠባ ሲባል ኒውትራሎችን አንድ ላይ መጠምዘዝ የተለመደ ነው። መገናኛ ሳጥኑን ሲከፍቱት አምስት ስድስት ሽቦ በእጅ ተጠምዝዞ፣ በጥቁር ቴፕ ተጠቅልሎ ይገኛል። ቴፑ ከሙቀት የተነሳ ሙጫው ቀልጦ እጅ ላይ ይጣበቃል። መድኃኒቱ ያንን ፈትቶ መለየት ነው። አርሲዲውን መንቀል ምስክሩን ማባረር ነው። ማሞቂያው ያ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ማሞቂያው ይቀየር። ገንዳ ያለው፣ የሚግለው ሽቦ በልባስ የተሸፈነና የኧርዝ ማሰሪያ ያለው ይሁን።

ኧርዙስ? «ተቀብሯል ይባላል» ማለት ለእኔ የለም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚገጥመኝ እንዲህ ነው፦ ሶኬቱ ሲከፈት አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ በሥርዓት ታስሮ ይታያል። ባለቤቱ ደስ ይለዋል። ሽቦውን ተከትዬ ብሬከር ሳጥኑ ጋ ስደርስ ጫፉ ተቆርጦ ጥግ ላይ ታጥፏል፤ ከምንም ጋር አልተገናኘም። ሌላ ቦታ ደግሞ ቀይ ሽቦ ሲያልቅባቸው አረንጓዴውን ፌዝ አድርገውት አገኛለሁ። ስለዚህ የሽቦ ቀለም አይታመንም፣ ይለካል። በቴስተር መፍቻም አይለካም። ቴስተር ፌዝ መኖሩን ሊያሳይ ይችላል፣ ስለ ኧርዝ ግን ምንም አይነግርም። የአርሲዲው «ቲ» ቁልፍም ቢሆን ኧርዝ በሌለበት ቤት ይሠራል። «ቲ ስንጫነው ይወርዳል፣ ኧርዛችን ደህና ነው» የሚል ሰው ከሰሙ እንዳይሸወዱ።

ሁለት አቋራጮችን በፍጹም አይፍቀዱ። አንደኛው ሶኬቱ ውስጥ የኧርዙን እግር ከኒውትራሉ ጋር በአጭር ሽቦ ማገናኘት ነው። ሲለካ ትክክል ይመስላል። ኒውትራሉ አንድ ቀን የሆነ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ግን የማሽኑ ቆርቆሮ በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። ሁለተኛው ኧርዝን ከውኃ ቧንቧ ጋር ማሰር ነው። ድሮ የብረት ቧንቧ መሬት ውስጥ ለውስጥ ይሄድ በነበረበት ጊዜ የተለመደ ነገር ነው። ዛሬ አብዛኛው ቤት ከሮቶው ጀምሮ ፕላስቲክ ነው። ታስሮበት የሚገኘው ትርፍ ኮረንቲውን ለሻወሩ ብረት ማካፈል ብቻ ነው።

የሚያስፈልገው መሬት ውስጥ የሚተከል አዲስ የኧርዝ ዘንግ ነው። መዳብ የተለበጠ፣ ርዝመቱ 1.5 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ። ከአቃቂ ቃሊቲ ጀምሮ በእናንተ በኩል ብዙው መሬት ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር ሲረጥብ ኮረንቲ በደንብ ያስተላልፋል። በጋ ሲመጣ ግን ይሰነጠቅና ከዘንጉ ይሸሻል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ የተለካ ኧርዝ ደህና ሆኖ መጋቢት ላይ ሊያሳፍር ይችላል። የሚለካው በበጋ ነው። ዘንጉ ዝናብ የሚያርሰው ቦታ ላይ፣ ከተቻለ የሮቶው ትርፍ ውኃ የሚወርድበት አጠገብ ይተከል። ከላዩም መክፈቻ ያለው ትንሽ ጉድጓድ ይሠራለት፣ የት ነው የሚል ጥያቄ ደግሞ እንዳይመጣ። በኧርዝ መለኪያ መሣሪያ ተለክቶ ቁጥሩ ይነገርዎ። 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ካለ ከፍ ባለ ኦምም ቢሆን ይቆርጣል፤ እኔ ግን ከ100 ኦም በላይ የሆነውን አልቀበልም። 10 አካባቢ ከወረደ ግሩም ነው።

ከማሞቂያው መስመር መቀጠል የሚለውን ሐሳብ ይርሱት። እዚህ ላይ ብዙ ማውራት አያስፈልግም፣ ሒሳቡ በራሱ ይናገራል። ቶሎ የሚያሞቀው ሻወር ከ3,500 እስከ 5,500 ዋት ይወስዳል። በ220 ቮልት ይህ ከ16 እስከ 25 አምፔር ነው። ማጠቢያ ማሽኑ ውኃ ሲያሞቅ ወደ 2,000 ዋት፣ ማለትም 9 አምፔር ገደማ ይጨምራል። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ብዙ ጊዜ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው፣ እሱም 20 አምፔር አካባቢ ላይ ይጨናነቃል። ብሬከሩ መውረድ ሲጀምር ደግሞ ያው ሰው ተመልሶ መጥቶ 32 ያደርግላችኋል። ከዚያ በኋላ የሚሞቀው ውኃው ብቻ አይሆንም።

ቦታውን በተመለከተ የባለቤትዎ ምርጫ ጥሩ አይደለም። አይኢሲ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ መስፈርት ገንዳ የሌለውን፣ ውኃው በቀጥታ ወለል ላይ የሚፈስበትን ሻወር የሚለካው ውኃው ከሚወጣበት ቋሚ ነጥብ ነው። ከዚያ 1.20 ሜትር ድረስ፣ ከወለሉ እስከ 2.25 ሜትር ከፍታ፣ 220 ቮልት ያለው ሶኬት አይገባም። የእናንተ ክፍል 2.40 ሜትር ነው። ግማሹ ልክ 1.20 ይመጣል። መስታወቱ መስመሩ ላይ ቆሟል። በዚያ ላይ ከሥሩ የእጅ መታጠቢያ አለ፤ እኛ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ስናጸዳ በባልዲ ቸልሰን እንጂ በእርጥብ ጨርቅ አይደለም። በወረቀት ላይ ያለው 1.20 ሜትር የአገራችንን ባልዲ አያውቀውም።

የቀረው የበሩ ግድግዳ ነው። ከሻወሩ 2.40 ሜትር ይርቃል፣ ከክልሉ እጥፍ ማለት ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ከጀርባው ኮሪደር ነው። መስመሩ በኮሪደሩ በኩል ይመጣና ግድግዳው በቀጥታ ተበስቶ ሽቦው ከሶኬቱ ጀርባ ይገባል። እርጥቡ ግድግዳ ውስጥ የሚሮጥ ሽቦ አይኖርም፣ ሴራሚኩም አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚነካው። (ለሴራሚክ ከተማ የሚያካልል ሰው ብሬከር ሳጥኑን አንድ ቀን ከፍቶ ባያይ አይገርመኝም፣ ይኼኛው ለእንግዳ አይታይም።)

እንግዲህ እንዲህ ይሁን። ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው የሚነሳ መስመር፣ ፌዝ፣ ኒውትራልና ኧርዝ ሦስቱም ባለ 2.5 መዳብ፣ በ16 አምፔር ብሬከር። አርሲዲው ለአዲሱ ሶኬት ብቻ ሳይሆን ለማሞቂያውም ለመታጠቢያ ቤቱ መብራትም ይሁን። አንድ ሶኬት ብቻ፣ በበሩ ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ 1.20 ሜትር ከፍታ። ማሽኑ 85 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሚሆን ሶኬቱ ከበላዩ ይታያል፣ ወለሉ ላይ የፈሰሰ ውኃም አይደርስበትም። ከማሽኑ የውኃ መክፈቻ በታች ግን አይሁን። ክዳን ያለው፣ ፊቱ ላይ አይፒ 44 (የውኃ ፍንጣቂ የመከላከል ደረጃ ነው) የሚል ሶኬት ይግዙ። ብዙዎቹ ክዳኖች ውኃ የሚከለክሉት ተዘግተው ብቻ ነው፣ ፕለግ ሲሰካ ክፍት ይቀራሉ። ስለዚህ ፕለጉ እንደተሰካ የሚዘጋውን ይምረጡ። ገመዱ መጀመሪያ ወደ ታች ዝቅ ይበል፣ ላዩ ላይ የወረደ ጠብታ ወደ ፕለጉ እንዳይሄድ። ኮሪደር ላይ ከበሩ አጠገብ ፌዝና ኒውትራልን አብሮ የሚቆርጥ ማጥፊያ ቢኖር ደግሞ እጅ ሳይደርቅ ሶኬት መንካት ይቀራል።

ፀጉር ማድረቂያው ወደ መኝታ ቤት ይሂድ። እዚህ ላይ አልደራደርም። ማጠቢያ ማሽን አንዴ ከተሰካ ቦታው ላይ ይቆማል። ማድረቂያ ግን በእርጥብ እጅ ይያዛል፣ ከእርጥብ ፀጉር ጋር ይሠራል፣ ይወድቃል። አብዛኛው ባለ ሁለት እግር ፕለግ ስለሆነ ኧርዙም አይረዳውም። አርሲዲ ቢኖርም ሁሉን አይችልም። ሰው ደረቅ ቦታ ላይ ቆሞ በአንድ እጁ ፌዝ በሌላው ኒውትራል ቢይዝ አርሲዲው እንደ ማንኛውም ዕቃ ነው የሚያየው። ለመላጫ ተብሎ ትራንስፎርመር ያለው ትንሽ ሶኬትም አለ። እሱ የሚችለው መላጫና የጥርስ ብሩሽ ብቻ ነው፣ ማድረቂያ ቢሰኩበት አይሸከምም።

ከተቻለ ግን ከሁሉም የምመርጠው ማሽኑን ከመታጠቢያ ቤት ማውጣት ነው። ከቤቱ ጀርባ ጣራ ያለው በረንዳ ካለ የውኃ መስመርና ፍሳሽ እዚያ ማድረስ የቧንቧ ሠራተኛ ሥራ ነው፣ ግፋ ቢል አንድ ቀን ይፈጃል። የሶኬቱ ጥያቄ ግማሹ ያኔ ይቀልላል። አርሲዲውና ኧርዙ ግን አይቀሩም፣ ማሞቂያው እዚያው ነውና።

ዲቫይደሩን እስከዚያው በበሩ ሥር ማሳለፍ ያቁሙ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ገመዱን ይፍቀዋል፣ መሬት ላይ ያለው ሶኬቱም የመጀመሪያውን ውኃ የሚያገኘው እሱ ነው። ሥራው እስኪያልቅ ማሽኑን ወደ ኩሽና ጎትተው በቀጥታ ግድግዳ ሶኬት ላይ ይሰኩት፣ ፍሳሹን በባልዲ ይቀበሉ። አሰልቺ ነው፣ ግን ጥቂት ቀን ነው።

ሥራውን ራሳችሁ አትሞክሩት። ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ ያለው ሰው ይጥሩ፣ ወረቀቱንም ይጠይቁት። ከቆጣሪው በፊት ያለው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ ስለሆነ ማሸጊያውን ማንም እንዳይነካ። መብራት በሄደበት ሰዓት «አሁን ይሻላል» ብሎ የሚጀምር ሰው ካያችሁ አስቁሙት። መብራቱ ሳይነግር ይመጣል። ዋናው ብሬከር ወርዶ፣ ሳጥኑ ላይ ወረቀት ተለጥፎ፣ ቤት ያለው ሁሉ እንዳይነካ ተነግሮት ነው የሚጀመረው።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ፊትዎ ላይ እንዲያሳይዎ ያድርጉ። «ቲ» ሲጫን መታጠቢያ ቤቱ በሙሉ፣ ማሞቂያው ጭምር፣ ይጥፋ። ሶኬቱ ላይ በመለኪያ ፌዝና ኒውትራል 220 አካባቢ፣ ፌዝና ኧርዝ ከዚያው የተጠጋ፣ ኒውትራልና ኧርዝ ደግሞ ጥቂት ቮልት ብቻ ይሁን። የኧርዙ ኦም በመሣሪያ ተለክቶ ብሬከር ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ከነቀኑ ይጻፍ። ከዚያ ማሞቂያው ተበርቶ በሻወሩ ቧንቧና በሶኬቱ ኧርዝ መካከል ይለካ፤ በእጅ አይደለም፣ በመለኪያ። ቮልት ካሳየ ሥራው አላለቀም፣ ክፍያውም ይቆይ። «ቲ»ን ከዚያ በኋላ በየወሩ ራስዎ ይጫኑት። አንድ ቀን ተጭነውት ካልወረደ በዚያው ቀን ይቀየር።